«ሲስተር፣ ምን አየሽ?» በአንድ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ላይ የተሠራ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ በሆስፒታላችን ውስጥ በሁለት መልክ ይወራል። ገሚሱ «ኮምፒውተሩ ነው ሴትየዋን ያተረፋቸው» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ኮምፒውተር ምን ያውቃል? ዶክተሩ ነው እንጂ» ይላል። ሁለቱም ወሬዎች ይጣፍጣሉ፤ ሁለቱም ግን ጎደሎ ናቸው። በዕለቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ቪዲዮውንም ከሐኪሞቹ ጋር ቁጭ ብዬ እየመለስኩ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምረው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ነኝ፤ «ባዮሜዲካል» ነው የሚሉን። ካሜራው ሲደበዝዝ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ሲያልቅ፣ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን የሚጠራው እኔ ነኝ። ሆስፒታሉ የግል ነው፤ መሃል አዲስ አበባ፣ ከስታዲየም ብዙም ያልራቀ። ስሙን አልጠራም። የታካሚዋንም ማንነት የሚጠቁሙ ነገሮች ቀይሬያለሁ። ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል።

እትዬና የፋሲካው ዶሮ

ታካሚዋ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ እናት ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። የመጀመሪያው ሕመም የያዛቸው በፋሲካ ማግስት ነው። ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ክትፎው በአንድ ቀን መጣ። የሐሞት ከረጢት ሥራው ስብ ሲገባ ተኮማትሮ ሐሞት መልቀቅ ነው። ውስጡ ጠጠር ካለ ጠጠሩ መውጫው ላይ ይወተፋል። እትዬን ከቀኝ ጎድናቸው ሥር እስከ ትከሻቸው ሲወጋቸው አደረ።

እሳቸው ግን እንደ ብዙው የአገራችን ሰው «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» አሉ። ኦሜፕራዞል ተገዛ። ተልባ ተበጠበጠ። ሕመሙም ለቀቃቸው። የለቀቃቸው ጠጠሩ ከመውጫው ላይ ስለተንሸራተተ ነው፤ ምስጋናው ግን ለተልባው ሄደ። ሰኔ ላይ ሕመሙ ትኩሳት አስከትሎ ተመለሰ። አልትራሳውንድ ሲነሱ ከረጢቱ በጠጠር ተሞልቷል፣ ግድግዳውም ወፍሯል። በአንቲባዮቲክ አበረዱላቸውና ቀዶ ሕክምናው ለሐምሌ ተቀጠረ። ሐምሌን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። «ክረምት ነው፣ ገበያውም ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

ይህን ያነሳሁት ለወግ ያህል አይደለም። መዘግየቱ የጉዳዩ ዋና አካል ነው። ደጋግሞ የቆሰለ የሐሞት ከረጢት በዙሪያው ካለው ነገር ሁሉ ጋር ይጣበቃል። ዝናብ መትቶት እንደገና የደረቀ ጋዜጣ አይታችሁ ከሆነ ልክ እንደዚያ ነው፤ አንዱ ገጽ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም።

ዓይን የሚታለልበት ቦታ

የሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ተቀምጦ በአንዲት አጭር ቱቦ ከዋናው የሐሞት ቱቦ ጋር ይገናኛል። ሐኪሙ ይህችን አጭር ቱቦና ከረጢቱን የምትመግበውን ደም ቅዳ ብቻ በክሊፕ፣ ማለትም በትንሽ መቆንጠጫ፣ አስሮ ይቆርጣል። ከዚያ ከረጢቱ ይወጣል። ዋናውን ቱቦ አጭሯ መስሎት ከቆረጠው ግን ጉድ ፈላ። ሐሞት ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፣ ወይም መሄጃ አጥቶ ታካሚው ቢጫ ይሆናል። ሌላ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከሆስፒታል ደጅ የማይጠፋ ሰው አለ።

ቶሎ ቶሎ የሚደርስ ነገር አይደለም። በካሜራ ከሚሠሩ 1000 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምናዎች በ3 እስከ 5ቱ ላይ ይደርሳል ነው የሚባለው። ነገር ግን ይህ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠሩ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ስለሆነ ሲደመር ብዙ ሰው ነው።

ለእኔ የሚገርመው ምክንያቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 252 እንዲህ ያሉ ጉዳቶችን መርምሮ ነበር። 97 በመቶው የመጣው ከእጅ ጥበብ ጉድለት ሳይሆን ከዓይን መታለል ነው። ሐኪሙ ዋናውን ቱቦ ሲቆርጥ አጭሯን እየቆረጠ መሆኑን ቅንጣት አልተጠራጠረም። ሳይጠራጠር ደግሞ ማን ቆሞ ያያል?

ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ የተዘረጋ ዘዴ አለ። ስቲቨን ስትራስበርግ የተባሉት የቀዶ ሕክምና ሐኪም እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ያስተዋወቁት ነው። ክሊፕ ከማስገባት በፊት ሦስት ነገር በዓይን መታየት አለበት። ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ሦስት ማዕዘን ከስብና ከጠባሳ ጸድቷል። የከረጢቱ የታችኛው ክፍልም ከጉበቱ ተላቋል። ሦስቱ ካልተሟሉ አይቆረጥም። ይህን የማያውቅ ሐኪም የለም። ችግሩ «ተሟልቷል ወይስ አልተሟላም?» ብሎ የሚፈርደው ያው የታለለው ዓይን መሆኑ ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰዎች ይህችን ቀዳዳ ነው ያዩት። ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ቡድን የት መቁረጥ እንደሚቻልና የት አደገኛ እንደሆነ በቀለም የሚያሳይ ፕሮግራም ሠርቷል። ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ሌላ ቡድን የስትራስበርግን ሦስት ነጥቦች የሚመዝን ሠርቷል። (ሐኪሙ ስትራስበርግ፣ ከተማው ስትራስቡርግ። ግጥምጥሞሽ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ተምታቶብኝ ነበር።) እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚማረው በቪዲዮ ነው። ሐኪሞች በቪዲዮው ላይ «ይህ ቱቦ ነው፣ ይህ ደም ቅዳ ነው፣ እዚህ ላይ ነጥቡ ተሟልቷል» እያሉ ምልክት ያደርጋሉ። ኮምፒውተሩ ያንን ደጋግሞ አይቶ አዲስ ቪዲዮ ሲሰጠው ይገምታል።

ወደ ግድግዳ የተጠጋው ላፕቶፕ

እኛ ጋ ነገሩን ያመጣው አንድ ወጣት ረዳት ሐኪም ነው። ሶፍትዌር የሚሠራ ጓደኛ አለው። ስትራስቡርግ ላይ የተቀረጹ 201 የሐሞት ከረጢት ቪዲዮዎች ለምርምር በይፋ ተለቀዋል፤ ኢንዶስኬፕስ ይባላሉ። ሁለቱ በእነዚያ አንድ ፕሮግራም አሠለጠኑ። ከካሜራው ማማ ሁለተኛ መውጫ ላይ ምስሉን በገመድ ወስጄ ወደ ላፕቶፕ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ ከምስሉ በታች ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። ነጥቡ ተሟልቷል ብሎ ሲያምን አረንጓዴ ይበራል፤ ካላመነ ግራጫ ሆኖ ይቀመጣል። በቃ ይኸው ነው። አይናገርም፣ አይጮህም፣ ምንም አይነካም።

የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲፈቅድ አንድ ጥብቅ ነገር አስቀመጠ። ሙከራው በዝምታ ይሁን። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ላፕቶፑን አያይም፤ ማንም ስለ ሳጥኖቹ አይነግረውም። በኋላ የሐኪሙ ውሳኔና የኮምፒውተሩ ግምት ይነጻጸራል። ያልተፈተነ ነገር በሰው ሆድ ላይ ምክር እንዳይሰጥ ነው። ትክክለኛ አካሄድ ነው፤ በሌላ አገርም እንዲህ ነው የሚጀመረው። ታካሚዎችም ፈርመዋል። እትዬ ሲፈርሙ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ማሽኑ ነው እንዴ የሚቀደኝ?» አይደለም፣ ዶክተሩ ነው ተባሉ። «እንግዲህ እሱ ካለ» ብለው ፈረሙ።

ላፕቶፑ ግድግዳው ጋ ባለች ጋሪ ላይ ተቀመጠ። ከዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ከሚይዘው ባትሪ፣ የሚመጣው ሶኬት ያለው እዚያ ነው። ለሐኪሙ ከጀርባው ነው፤ አይታየውም። መሣሪያ ከምታቀብለው ነርስ ፊት ለፊት መሆኑን ግን ማንም አላሰበበትም።

ክሊፕ

ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ረጅም ልምድ ያለው፣ ጥቁር አንበሳ የተማረ፣ እጁ የተመሰገነ ሰው ነው። አይቆጣም፤ ግን ብዙ አያወራም። ክፍሉም እንደ እሱ ጸጥ ይላል። እትዬ ተኝተዋል። አልጋው ከራስጌው ከፍ፣ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፤ አንጀቱ ከጉበት ሥር እንዲሸሽ ነው። ሆዳቸው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተነፍቶ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ተከፍተዋል።

ካሜራው ሲገባ ከረጢቱ አልታየም። የሆድ ዕቃ ስብ ጠቅልሎ ሸፍኖታል። እሱን ለመግፈፍ ብቻ ብዙ ጊዜ ሄደ። ከሥሩ ሁሉም ነገር ነጭ፣ ደረቅና የተጣበቀ ነው። በኤሌክትሪክ መንጠቆው ትንሽ በነካ ቁጥር ጭስ ይነሳል። ጭሱ ሌንሱ ላይ ይቀመጣል፤ ምስሉ ይደበዝዛል። ካሜራው ይወጣል፣ በሙቅ ውኃ ይነከራል፣ ይጠረጋል፣ ይመለሳል። ይህ ደጋግሞ ሆነ።

በመጨረሻ ሁለት ነገሮች ታዩ፤ አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። ሐኪሙ ወፍራሙን በመያዣው ሁለት ጊዜ ዳሰሰው። ሁለተኛው ላይ እጁ ትንሽ ቆም አለ። ይህንን ያኔ አላስተዋልኩትም፤ በቪዲዮው ነው ያየሁት። ከዚያ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ እጁን ዘረጋ።

«ክሊፕ።»

ሲስተር ክሊፑን ይዛዋለች። አልሰጠችውም።

«ዶክተር፣ ሁለተኛዋ ትበራለች፣ ትጠፋለች።»

ረዳት ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ሙከራው በዚያች ቅጽበት ተበላሸ። ማደንዘዣ የሚሰጠው አንስቴቲስትም ከማሽኑ ላይ ቀና አለ። ሐኪሙ ወደ ላፕቶፑ አልዞረም።

«ሲስተር፣ ምን አየሽ?»

«ሁለተኛዋ ሳጥን አልረጋችም፣ ዶክተር።»

ሁለተኛዋ ሳጥን ስለ ሦስት ማዕዘኑ ናት፤ ጸድቷል ወይስ አልጸዳም። ሐኪሙ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ መሣሪያዎቹን ለቀቀና «ሌንሱን ጥረጉልኝ» አለ። ካሜራው ሲመለስ ከረጢቱን ገልብጦ በጀርባው በኩል አየው። ከጀርባ ሲታይ ወፍራሙ ቱቦ ከረጢቱ ጋ አያልቅም። አልፎ ወደ ላይ፣ ወደ ጉበቱ ይሄዳል። ጉበቱ ላይ አንድ የታወቀ ስንጥቅ አለ፤ የሩቪዬር ስንጥቅ ይሉታል። ሐኪሞች ከእሱ በላይ ሥሩ፣ በታች አትውረዱ ይባላሉ። ጠባሳው ሁሉን ነገር ወደ ታች ስቦት ስለነበር ሐኪሙ ሳይታወቀው ከስንጥቁ በታች ወርዶ ነበር።

«ይሄማ ዋናው ነው» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነው።

በስልክ አንድ አንጋፋ ባልደረባው ተጠሩ። ከላይኛው ፎቅ ካለው ክሊኒካቸው ወረዱ፤ ጓንት አድርገው ገቡ። ሁለቱ ጥቂት ተነጋገሩ። ቱቦው እንዳለ እንዳይነካ ወሰኑ። ከረጢቱን ከላይ ከፍተው ጠጠሮቹን አወጡ፣ የሚቻለውን ያህል ከረጢት ቆረጡ፣ ከሥር የቀረውን ሰፉት። ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ፣ ድሬን፣ ገባ። በከፊል ማውጣት ይሉታል፤ በአስቸጋሪ ከረጢት ላይ የታወቀና የተከበረ መውጫ ነው። እትዬ ከጥቂት ቀናት በኋላ በእግራቸው ወጡ። ቢጫ አልሆኑም።

ቪዲዮው ምን አለ

በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ቀረበ። የመጀመሪያው ክርክር ስለ ሲስተር ነበር። ረዳት ሐኪሙ ተበሳጭቷል። ውል ውል ነው፤ ዝም ይባላል ተብሎ ዝም ካልተባለ ሙከራ አይባልም። አንጋፋው ሐኪም ደግሞ «ታዲያ ዝም ብላ ትይ?» አሉ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም።

ከዚያ የሶፍትዌሩ ልጅ ቪዲዮውን ምስል በምስል ከፍቶ አሳየ። ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛዋ ሳጥን ትበራና ትጠፋ የነበረው ኮምፒውተሩ ቱቦውን ስለተጠራጠረ አይደለም። ሌንሱ ላይ ጭስና አንዲት የደም ጠብታ ነበረች። ምስሉ ሲደበዝዝ ትጠፋለች፣ ሲጠራ ትበራለች። የባሰው ደግሞ ገና ነው። ሌንሱ ከተጠረገ በኋላ፣ ሐኪሙ ከረጢቱን ሳይገለብጥ በፊት፣ ሦስቱም ሳጥኖች አረንጓዴ ሆነው በርተዋል። ለጥቂት ሰከንዶች። ያኔ ሐኪሙ ዞር ብሎ «ማሽኑ ምን ይላል?» ብሎ ቢያይ ኖሮ ማሽኑ የሚለው «ቁረጥ» ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። «ኮምፒውተሩ አተረፋቸው» የሚለው ወሬ እዚያው መቀበር ነበረበት። ግን ወሬ መች ስብሰባ ይገባል።

ኮምፒውተሩ ለምን ተሳሳተ? ልጁ ያቀረበውን ግምት ሐኪሞቹም ተቀብለውታል። የተማረው በስትራስቡርግ ቪዲዮ ነው። እዚያ ብዙ ሰው ቶሎ ይታከማል፤ ከረጢቱ የሚወጣው ይህን ያህል ጠባሳ ሳይዝ ነው። የእኛ ታካሚ በጨጓራ መድኃኒት ወራት አሳልፎ፣ ለበዓልና ለገበያ ጊዜ ሰጥቶ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ነጭ፣ የተሳሳበ ሦስት ማዕዘን በብዛት አላየም። ሁለት ቱቦ መሰል ነገር አየ፣ በመካከላቸው ንጹሕ የመሰለ ቦታ አየ፣ አበራ። የሐኪሙን ዓይን ያታለለው ነገር እሱንም አታለለው። ሁለት ዓይን አለን ብለን የምናስበው ሁለቱ በተለያየ ቦታ ሲሳሳቱ ነው። በአንድ ቦታ ከተሳሳቱ ያው አንድ ዓይን ነው፤ እንዲያውም ሐኪሙን የበለጠ ልበ ሙሉ ስለሚያደርገው ከአንድም ይብሳል።

ታዲያ እትዬን ምን አተረፋቸው? ሲስተር በስብሰባው መጨረሻ ላይ ተጠየቀች። መልሷን እንዳለ አስታውሰዋለሁ።

«እኔ ኮምፒውተሩን አምኜ አይደለም። ዶክተር ቱቦውን ሲነካው እጁ ቆም ሲል አይቻለሁ። ከእሱ ጋር ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ፤ እጁ አይቆምም። ግን ምን ብዬ ልናገር? ‹ዶክተር እጅህ ቆመ› ይባላል?»

የጉዳዩ እምብርት ለእኔ ይቺ ናት። ሲስተር ጥርጣሬው ነበራት። ከማንም ቀድማ ነበራት። የጠፋት የምትናገርበት መንገድ ነው። ነርስ ተነስታ ለአንድ አንጋፋ ሐኪም «ተሳስተሃል መሰለኝ» አትልም፤ ይሉኝታው አለ፣ ማዕረጉ አለ፣ ነገ አብሮ መሥራቱ አለ። ሳጥኗ ግን የማንም አይደለችም። «ሳጥኗ ትበራለች፣ ትጠፋለች» ማለት ማንንም አይነካም። ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን ያገለገለው ለንግግር ሰበብ በመሆን ነው። ያውም በተሳሳተ ምክንያት።

ሐኪሙ በበኩሉ ብዙ አልተከላከለም። «ሳይነገረኝ እቆም ነበር ወይ? ልቆም እችል ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ግን እጄን ዘርግቼ ነበር» አለ። ይህን በሠላሳ ሰው ፊት ማለት ቀላል አይደለም። የሳጥኗን እውነተኛ ምክንያት ራሱ ለእትዬ ነግሯቸዋል። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «እንግዲያ ልጅቷን አመስግኑልኝ» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ያነሱት ጥያቄ

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁም ነበሩ። እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነው። «ውጭ አገር ሮቦት ራሱ እየቀደደ አይደል እንዴ? እኛ ስለ ሳጥን እናወራለን?»

ጥያቄው ብዙ ሰው ልብ ውስጥ ስላለ መልሱን ልጻፈው። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው የቀዶ ሕክምና ሮቦት ዳ ቪንቺ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ተፈቅዶ ይሠራል። ግን ስሙ ሮቦት ይሁን እንጂ ራሱ አይቀድድም። ሐኪሙ አጠገቡ ባለ ማዘዣ ላይ ተቀምጦ እጁን ሲያንቀሳቅስ የማሽኑ ክንዶች ያንኑ ይከተላሉ። ውሳኔው ሙሉ በሙሉ የሰው ነው።

በራሱ የሚሠራም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሐኪሞችን ቪዲዮ አይቶ የተማረ ሮቦት አሳይተዋል። የሐሞት ከረጢት የማውጣቱን ሥራ ዋና ምዕራፍ በ17 እርምጃዎች፣ በ8 ከረጢቶች ላይ፣ ሁሉንም ተሳክቶለት ሠርቷል። ትልቅ ነገር ነው፤ አላናንቀውም። ግን ከረጢቶቹ የአሳማ ናቸው፤ ከእንስሳው ወጥተው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ። አይደሙም፣ አይተነፍሱም፣ በወራት ቁስለት ጠባሳ አልያዙም። ከዚያ እስከ እትዬ ሆድ ገና ሩቅ መንገድ አለ።

ሥራ አስኪያጁ በዚህ አልረኩም። መሣሪያ መግዛት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ በዚህ እኔም አልከፋም፣ እንጀራዬ ነው።

አንጋፋው ሐኪም ያነሱት ስጋት ግን ከሮቦቱ ይልቅ እኔን ይዞኛል። ፖላንድ ውስጥ በአራት ማዕከላት የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቶ ነበር። ሐኪሞች ትልቁን አንጀት በካሜራ ሲመረምሩ ነቀርሳ ሊሆኑ የሚችሉ እብጠቶችን የሚጠቁማቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ያለ እሱ ሲመረምሩ ውጤታቸው ታየ። መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ከመረመሯቸው ሰዎች በ28.4 በመቶው ላይ እብጠት ያገኙ ነበር። ከለመዱት በኋላ ያለ እሱ ያገኙት በ22.4 በመቶው ላይ ነው። ዓይናቸው ተደግፎ ኖሮ ደከመ ማለት ነው። ጥናቱ ምክንያቱን ሙሉ በሙሉ አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ያሳስባል። እኛ ጋ ደግሞ መብራት ይጠፋል፣ ላፕቶፕ ይበላሻል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል። ሳጥን እያየ ያደገ ወጣት ሐኪም ሳጥኑ በጠፋበት ቀን ምን ይይዛል?

ክሊፕ ከመባሉ በፊት

ከስብሰባው የወጣው ለውጥ ኮምፒውተር የለበትም። ገንዘብም አልጠየቀም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር አለ። እኛም እንጠቀምበታለን፤ ከመቅደድ በፊት ሁሉም ቆም ብሎ የታካሚውን ስም፣ የሚሠራውን ሥራ፣ አለርጂውን ያረጋግጣል። በ8 የዓለም ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ሲሞከር ከባድ ጉዳት ከ11 ወደ 7 በመቶ፣ ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ዝቅ ብሎ ነበር። አንድ ወረቀትና የደቂቃ ፋታ ነው። ግን ያ ፋታ ሥራው ሲጀመር ነው። መሃል ላይ፣ ሊመለስ የማይችል ነገር ከመቆረጡ በፊት፣ ፋታ አልነበረም።

አሁን አለ። ክሊፕ ከመባሉ በፊት ሌንሱ ይጠረጋል። ሐኪሙ እጁን ከመሣሪያው ያነሳል። ከረጢቱ ከፊትም ከጀርባም ይታያል። ከዚያ ሁሉም በተራ ያየውን ይናገራል፤ መጀመሪያ መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ፣ ከዚያ አንስቴቲስቱ፣ ከዚያ ረዳቱ። ዋናው ሐኪም መጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ የአንጋፋው ሐኪም ሐሳብ ነው። በድሮው የንጉሥ ችሎት አስተያየት የሚሰጠው ከታች ወደ ላይ ነበር አሉ። ታናሹ ዳኛ ይጀምራል፣ ንጉሡ መጨረሻ ይፈርዳል። ንጉሡ ቀድሞ ከተናገረማ ሌላው ምን ቀረው? እሺ ማለት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አሳፋሪ ነበር። ነርሶቹ «ሁሉም ደህና ነው ዶክተር» ብለው ያልፉ ነበር። ሐኪሙ ጥያቄውን ቀየረው። «ደህና ነው?» አይልም። «ምን ታያላችሁ?» ይላል። ለዚህ ደህና ነው ተብሎ አይመለስም። ሁለት ነገር አያለሁ፣ ወይም ሦስት አያለሁ፣ ወይም በደንብ አይታየኝም ነው መልሱ። አንዳንዱ ሐኪም ጊዜ ይወስዳል ብሎ ያጉረመርማል፤ ታካሚ በማደንዘዣ ላይ እያለ ደቂቃ ደቂቃ ነው፤ እውነቱን ነው። ግን ዋናው ቱቦ ከተቆረጠ የሚሄደው ጊዜ በደቂቃ አይቆጠርም።

ላፕቶፑ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ወጥቷል። ሥራው ግን አልቆመም፤ ረዳት ሐኪሙም ብስጭቱ በርዶለታል። አሁን የሚሰበሰበው የእኛው ቪዲዮ ነው። ጠባሳው፣ የተጣበቀው፣ ሁሉ። ኮሚቴው ጥብቅ ሆኗል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ እንደ ማንኛውም ፋይል በፍላሽ የሚዞር ነገር አይደለም። ስለዚህ ታካሚው በተለየ ቅጽ ይፈርማል፤ ካሜራው ከሆድ ውጭ የቀረጸው ሁሉ፣ ፊትም ክፍሉም፣ ከቪዲዮው ይቆረጣል። ይህን የምቆርጠው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሐኪሙና አንጋፋው ባልደረባው ምልክት ያደርጋሉ። የእትዬ ቪዲዮም ውስጡ አለ። ለየብቻቸው ነው የሚሠሩት፤ በኋላ መልሳቸው ይተያያል። በቀላል ከረጢት ላይ ይስማማሉ። በአስቸጋሪው ላይ ግን አንዱ «ተሟልቷል» ያለውን ሌላው «በጭራሽ» ይላል። ሁለቱም የተመሰገኑ ሐኪሞች ናቸው። የሶፍትዌሩ ልጅ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ኮምፒውተሩን የማንን ልክ ነው ብሎ ያስተምረው? አሁን ያልተስማሙበትን አይጥለውም። ለብቻው ያስቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ምስል ሲያይ አረንጓዴም ግራጫም ሳይሆን ቢጫ እንዲያበራ ይፈልጋል፤ ሐኪሞችም የማይስማሙበት ቦታ ነው እንዲል። ያ ይሠራ አይሠራ ገና አልታየም። ለጊዜው ባልተስማሙበት ላይ የሚፈርድ ሦስተኛ ሐኪም እየተፈለገ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የራሱ ክሊኒክ የሌለው ሐኪም ማግኘት ግን መሃል አዲስ አበባ ላይ ቀላል አልሆነም።